ሳህኗ ሳትከፈት

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን
ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ ከላብራቶሪ

ለምወድህ ልጄ፣ ለጭራሮዬ፤

እንዴት ነህ? ሳልህ ለቀቀህ? የክፍልህ ማሞቂያ ተሠራልህ? እንዲህ እያልኩ እንደ ወጉ ልጀምር ነበር፤ ግን ልቤ አልረጋ አለኝ። እጄ ብዕር ይዟል፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ነው፤ ደብዳቤው እዚህም እዚያም ቢረግጥ አትታዘበኝ። እኔ ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው፤ እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል ወጥቶበት

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ የተውኳት ውሸት ስለሆነች ነው። ልሰርዛት አልኩና እናትህ እንዴት እንደምትጀምር እይ ብዬ ተውኳት። ትንሽ ቁስል አይደለም። አባትህ ሆስፒታል ከተኛ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ሐኪሟ ትናንት ጠርታኝ በሩን ዘጋችና «እትዬ፣ ካንቺ የምደብቀው የለም። ሁለቱ መድኃኒቶች አልያዙትም፤ የቀረን ሦስተኛው ነው። እሱን በሳህን ላይ ፈትኚልኝ። እሱም ካልያዘው እግሩን ከጉልበት በታች መቁረጥ አለብን፤ ከዚያ በላይ ከቆየን ደሙ ውስጥ ይገባል» አለችኝ።

ዛሬ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ከገዛ ባሌ ቁስል የተወሰደውን ጀርም በሳህን ላይ ዘርቼ፣ ሦስተኛው መድኃኒት የተነከረባትን ትንሽ ክብ ወረቀት መሐሉ ላይ አስቀምጬ፣ ማሞቂያ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። አሥራ ስምንት ሰዓት መቆየት አለበት። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከፍቼ አየዋለሁ። እስከዚያ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ተነስቼ እጄን ታጥቤያለሁ፤ ቆሽሾ አይደለም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። በስልክ አንተ «ሰላም ነኝ፣ አንቺስ» ትላለህ፣ እኔ «ሁላችንም ደህና» እላለሁ፣ ይዘጋል። በሦስት ዓመት ውስጥ በስልክ እውነት የተባባልነው ስለ አየሩ ብቻ ነው። የሐኪሟ ወንድም ነገ አንተ ወዳለህበት ከተማ ይበራል። ጠዋት እህቱን ሊሰናበት እዚህ ብቅ ስለሚል ደብዳቤውን እሱ ያደርስልኛል።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ልንገርህ። ከሁለት ወር በፊት የጸሎት አዳራሹን ጣሪያ ሲያድሱ «ፓስተር፣ አንተ ቁጭ ብለህ አሠራ» ቢባል እምቢ አለና መሰላል ላይ ወጣ። የቆርቆሮ ጠርዝ ቅልጥሙን ቧጨረው። አባትህን ታውቀዋለህ፤ ስኳር ያለበትን ምእመን ሁሉ «እግርህን ጠብቅ» እያለ ይመክራል፣ የራሱ ስኳር ግን የጎረቤት ይመስለዋል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ እየጎተትኩ ወደ ሐኪሟ ክፍል አመጣሁት። ናሙናውን ራሴ ወሰድኩ፣ ራሴ ዘራሁ። በማግስቱ ሳየው የመጀመሪያው መድኃኒት ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ሰፊ ባዶ ክብ ነበር፤ ስለካው ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር። ደስ አለኝ። ግን በባዶው ክብ ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ነጠብጣቦች በቅለው አየሁ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይህንኑ ለምታጠናው ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፣ ለሐኪሟም ነገርኳት። እሷም እኔም አባትህን «የአሥራ አራት ቀን ኪኒን ነው፤ አንዲት እንዳትዘል» አልነው።

እሱም አልዘለለም። ለሁለት ከፈለው እንጂ።

የአዳራሹን ዘበኛ ታስታውሰዋለህ፤ ልጅ ሳለህ ኳስህን ከጣሪያ ላይ ሲያወርድልህ የኖረው ረጅሙ ሰውዬ። እሱም በዚያው ሰሞን ተረከዙ ቆስሎ ነበር። አባትህ አየውና አዘነለት። ጠዋት የራሱን ይውጣል፣ የማታዋን ለዘበኛው ይሰጣል። አሥራ አራት ቀን ሙሉ። ለኔ አልነገረኝም፤ ቀኝ እጅ የሠራውን ግራው አይወቅ ብሎ ይሆናል፣ ግራው እኔ ነኝ። ስደርስበት ምን አለኝ መሰለህ? «የዘበኛው ድኖ የለ? እንግዲህ ግማሹ ሠርቷል።» እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንገቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ደግሞ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያገባሁት እኮ እንዲህ ዓይነት ሰው ስለሆነ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት። የሣጥኑን ቴርሞሜትር አየሁ፣ ሠላሳ አምስት ነው። ከአሥር ደቂቃ በፊትም ሠላሳ አምስት ነበር።

አሁን ስለዚያች እሑድ ልናገር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተም አላነሳሃትም፣ እኔም አላነሳኋት፤ እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ሁለታችንም በሩቁ እናልፋታለን። አባትህ የዚያን ቀን ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ሰብኮ ነበር። ምሳ ላይም ስብከቱን አልጨረሰም፤ ሰው ከእንስሳ መጣ የሚሉትን ፈላስፎች አንድ በአንድ እያነሳ ሲጥል አንተ ድምፅህን ሳታነሳ «አባዬ፣ ቀኖቹ እንደኛ ቀን አይቆጠሩ ይሆናል እኮ። ሕይወት ያለው ሁሉ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ቀስ በቀስ እየተለወጠ ነው የመጣው። ሰውም ጭምር። ይሄን ማወቄ ከእግዚአብሔር አላራቀኝም» አልከው። የመጨረሻዋን ቃል እሱ አልሰማትም። እኔ ሰምቻታለሁ። እሱ «አያቶችህን ዝንጀሮ ካልክ ከዝንጀሮ ጋር ብላ» ብሎ ሳህኑን ይዞ ተነሳ።

አንተ ወደ እኔ ዞርክ። «እማዬ፣ ንገሪው እንጂ። አንቺ በየቀኑ ታዪው የለ?» አልከኝ። እኔም «ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው» አልኩህ።

ለነገሩ ሰላጣ ነበር።

በማግስቱ ሻንጣህን ስታዘጋጅ አባትህ በሩ ላይ ቆሞ ያላትን ታውቃታለህ፤ ያልከውን እስክትመልስ ይህ በር አያውቅህም አለ። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ካልሲዎችህን አጣጠፍኩ። ጥንድ ጥንዱን አጣጠፍኩና አንድ ቃል ሳልናገር ሰጠሁህ። ከዚያ ወዲህ ስንት ደብዳቤ ጀምሬ እንደ ቀደድኩ ብትቆጥረው ያስቅሃል። እስክጀምር እቸኩላለሁ፤ ስጀምር ደግሞ ስልክ ትደውላለህ፣ ድምፅህ ደህና ይመስለኛል፣ እንግዲህ ምን ያስፈልጋል ብዬ እቀደዋለሁ።

እውነቱን ስማ። ሃያ አራት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀርሞች መድኃኒት ሲለምዱ አይቻለሁ። ሥራ ስጀምር የሚገድላቸው የነበረው ዛሬ አያሳክካቸውም። ይህንን ማንም አልሰበከኝም፤ በማስመሪያ ለክቼ በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው። ደግሞም በየጠዋቱ ማሞቂያ ሣጥኑን ከመክፈቴ በፊት እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ «ጌታ ሆይ፣ ያለውን እንዳለ አሳየኝ» እላለሁ። ሁለቱ ነገሮች አንድም ቀን ተጣልተውብኝ አያውቁም። የተጣሉት እሑድ እሑድ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ፍጥረት ሲለወጥ አያለሁ፤ በሰባተኛው ቀን የሕፃናት ክፍል ገብቼ፣ ሥዕሎቹን በጨርቁ ሰሌዳ ላይ እየለጠፍኩ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ ምንም እንዳልተለወጠ አስተምራለሁ። ማንም አላስገደደኝም። የፓስተሩ ሚስት ነኝ፣ ሥዕሎቹም ያማሩ ናቸው።

ባለፈው እሑድ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ዓሣውን ከሰሌዳው ላይ ነቅላ «ይሄ ሲያድግ ምን ይሆናል?» አለችኝ። ትልቅ ዓሣ ይሆናል አልኳት። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አንተ ትዝ ስላልከኝ ቀሪዎቹን ሥዕሎች ገልብጬ ለጠፍኳቸው። ሕፃናቱ በሳቅ ሞቱ። እኔ ሰበብ ፈልጌ ወደ ውጪ ወጣሁ።

ከቤት፣ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት

ብርድ ልብስህን አጥቤ አስጥቼው ነበር፤ ደርቋል። ለምን እንዳጠብኩት አትጠይቀኝ፤ ጠዋት ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ፈተናህ ሦስት ሳምንት እንደ ቀረው አውቃለሁ፤ ና አላልኩህም። ይህን አስምርበት፤ ና አላልኩም።

አሁን የትናንቱን ልንገርህ፤ የጻፍኩልህ ለዚያ ነው። ሐኪሟ ስለ መቁረጥ ለእሱም ነግራው ነበር። ሰማትና ከሄደች በኋላ እኔን አስጠራኝ። «እነዚያን ሳህኖችሽን ልያቸው» አለኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን አንድም ቀን የሥራዬን በር ረግጦ አያውቅም። ዘበኛው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ አመጣው። ምስኪኑ ዘበኛ ነገሩን ከሰማ ወዲህ ከአልጋው አጠገብ አይጠፋም፤ የገዛ ጤናማ እግሩን ወንበር ስር ይደብቃል።

ከሳምንት በፊት በዚያው በመጀመሪያው መድኃኒት የተሠራው ሳህን ፎቶ ነበረኝ። ጀርሙ እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ በቅሏል፤ ባዶ ክብ የሚባል የለም። ከስድስት ሳምንት በፊት የጻፍኩትን መዝገብም አጠገቡ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አድርጎ ሁለቱን አየ፣ ደጋግሞ አየ።

«ያኔ ይሄ መድኃኒት ይሠራል ብለሽኝ ነበር» አለኝ።

«ይሠራ ነበር።»

«ታዲያ መድኃኒቱ ተበላሸ?»

«መድኃኒቱ ያው ነው። የተለወጠው ጀርሙ ነው።»

ጣቱን መዝገቡ ላይ አደረገ። «እነዚህ ሁለት ነጠብጣብ ያልሻቸው ምንድን ናቸው?»

«መድኃኒቱን የቻሉት ናቸው። ከሚሊዮኖቹ መሐል ጥቂት ነበሩ። ኪኒኑን ሙሉ ብትውጠው ብዙዎቹ ያልቁና የተረፉትን ሰውነትህ ይጨርሳቸው ነበር። ግማሹን ስትውጥ ያልቻሉት ሞቱ፣ የቻሉት ቀሩ። ቦታውም ምግቡም ለነሱ ሆነ። ልጆቻቸው እነሱን መሰሉ። አሁን እግርህ ላይ ያሉት በሙሉ የነሱ ልጆች ናቸው።»

«መቻልን ማን አስተማራቸው?»

«ማንም። ሲባዙ አንዳንዴ ትንሽ ስህተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስህተት ይጎዳቸዋል። አንዳንዱ ይጠቅማቸዋል።»

«በስህተት?»

«በስህተት።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአርባ ቀን።»

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። አባትህ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ሳይሆን በአልጋው አንሶላ ጫፍ ጠረገው፤ ለካ አንሶላውን ለብሶት ነው የመጣው። «እና ልጁ ያለው ይሄንን ነው?» አለኝ። ስምህን አልጠራም፤ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ «ልጁ» አለ።

«ይሄንኑ ነው። እሱ የሚለው በአርባ ቀን ሳይሆን በብዙ ሚሊዮን ዓመት ነው።»

«ጀርም ግን ጀርም ነው። ሰው አልሆነም።»

«አልሆነም። አርባ ቀን ብቻ ነው የሰጠኸው።»

ዘበኛው ሳቀና ወዲያው ደነገጠ። አባትህ አልሳቀም። ድምፁን ከፍ አድርጎ «እግዚአብሔር በስህተት አይሠራም!» አለኝ፤ ከጎረቤት ክፍል ያሉት ሠራተኞች ቀና አሉ። በፊት ቢሆን እዚህ ላይ ነበር የማቆመው። ሻይ ላምጣልህ እለው ነበር። ትናንት ግን ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«በእናትህ ማህፀን ማን ሠራህ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር።»

«ባንድ ቀን?»

«የልጅ ጥያቄ አትጠይቂኝ። በዘጠኝ ወር።»

«ጣትህ በየትኛው ሳምንት እንደ ወጣ፣ ልብህ መቼ መምታት እንደ ጀመረ፣ ሐኪሟ ቆጥራ ትነግርሃለች። ስለቆጠረችው ከእግዚአብሔር እጅ ወጣህ?»

«ይሄ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ነው?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። እኔ ደግሞ እግዚአብሔር በስህተት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አላስረዳሁትም፤ እኔም አላውቀውምና። የማውቀውን ብቻ ነገርኩት። የማየው ነገር እውነት እንደሆነ፣ የምጸልይለትም አምላክ እውነት እንደሆነ፣ አንዱን ለማቆየት ሌላውን መካድ እንደማልችል፣ እስከዛሬ የካድኩትም ፈርቼ እንጂ አምኜ እንዳልሆነ።

«ይሄን ሁሉ መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«ሳንጋባ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትጮሃለህ።»

መዝገቡን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ከዚያ የተናገረውን ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ ከትናንት ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣልኝም። «ያን ቀን ልጁ ያየው አንቺን ነበር። እኔም አይቼሻለሁ። ሳህኔን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ተቀመጥ የሚለኝ ሰው ነበር የምፈልገው። አንድ ሰው ተቀመጥ ቢለኝ እቀመጥ ነበር። አንቺ ግን ስለ ምግቡ ተናገርሽ።»

ጭራሮዬ፣ ነደደኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አባራሪው እሱ ነው፣ እኔ አዝናለሁ ብዬ ኖሬአለሁ። እሱ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ተቀመጥ አላለኝም ብሎ ኖሯል። «መቀመጥ ከፈለግክ ጉልበትህን ማን ያዘው?» አልኩት። «የፓስተር ጉልበት ነው፤ በቀላሉ አይታጠፍም» አለኝ። ሊያስቀኝ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔ ግን የታየኝ ሐኪሟ በጣቷ ከጉልበቱ በታች ያሰመረችው መስመር ነው። ዘበኛውን ውሰደው አልኩት።

እንዳትሳሳት፣ አባትህ አልተለወጠም። ዛሬ ጠዋት ከሐኪሟ ጋር ስለ ዝንጀሮ ተከራክሮ የሕሙማን ክፍሉን በሙሉ ቀስቅሷል። «ክርክሩን ማሸነፌ ካልቀረ እግሬን አድኑልኝና ቆሜ ላሸንፍ» አላት። «ተሳስቻለሁ» እንዲልህ ብትጠብቅ ስትጠብቅ ትኖራለህ። እኔ ግን ተሳስቻለሁ። ከእሱ ሳይሆን ከኔ ስማው። ያን ቀን ያልከው ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩህ። ይቅር በለኝ።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ከላብራቶሪ

እዚህ ከደረስኩ አንድ ሰዓት ሆነኝ። ማሞቂያ ሣጥኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ሦስት ጊዜ በአጠገቡ አለፍኩ፤ ክዳኑን አልነካሁም። ያለ ሰዓቱ የተከፈተ ሳህን ያሳስታል፤ ክቡ ሰፊ ይመስላል፣ በኋላ ነው የሚሞላው። ይህን ለስንት ተለማማጅ አስተምሬአለሁ፤ ዛሬ ለራሴም እያስተማርኩ ነው።

የሐኪሟ ወንድም መጥቷል። ጨዋ ሰው ነው፤ እህቱ ነገሩን ነግራዋለች መሰለኝ «እትዬ፣ እስከ ሦስት ተኩል መቆየት እችላለሁ። ውጤቱን አይተው ይጨምሩበት» አለኝ። አይ፣ አሁኑኑ ውሰደው አልኩት። ደንግጦ አየኝ። ለሱ አላስረዳሁትም፤ ለአንተ ግን ላስረዳህ። ሳህኗን መጀመሪያ ባየኋት፣ ክፉ ከሆነች ይህ ደብዳቤ መጥሪያ ይሆናል፤ አንተም የመጣኸው ለእግሩ ይሆናል። ደህና ከሆነች ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፣ እፎይ ብዬ እቀደዋለሁ። ስለዚህ ምንም ሳላውቅ ነው የላክሁልህ። ውጤቱን ማታ ደውዬ እነግርሃለሁ፤ ስልኩን አንሳው፣ ስለ አየሩ አልጠይቅህም።

አምላክ በሄድክበት ቀድሞ ይገኝልህ፤ የምትመረምረውን ይግለጥልህ፤ የምትወደውን ሰው አያሳጣህ፤ እኔንም እንደ ልጅነትህ በቅርብ ዓይንህን ያሳየኝ። ሰውየው በር ላይ ሰዓቱን እያየ ነው፤ አባትህ የላከብህን ጽፌ ልዝጋው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ላብራቶሪ ከመግባቴ በፊት ሄጄ ሳየው ነቅቶ ጣሪያውን ያያል። «ለልጁ እየጻፍሽ ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ብለሽ ጻፍሽ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለኝ። አባትህ ሰውን ጠይቆ አያውቅም፤ መልስ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰው እንዲያ ቀስ በቀስ መጣ እንበል» አለኝ። «አምኛለሁ አላልኩም፤ እንበል ነው ያልኩት። እንዲያ ከሆነ ከነዚያ ፍጥረቶች መሐል አንዱ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ የጸለየበት ቀን አለ ማለት ነው። ወላጆቹ ጸሎት የሚባል ነገር አያውቁም። ምን እንደ ሆነ አይገባቸውም። ልጃቸው ሌላ ፍጥረት የሆነባቸው ይመስላቸዋል።» ትንሽ ተንፍሶ ቆየና «ያን ልጅ ምን አደረጉት? ከመሐላቸው አባረሩት ወይስ ባይገባቸውም አጠገቡ ተቀመጡ? ይሄን ጠይቂልኝ» አለኝ።

«ይሄ በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል?» አልኩት።

«መጽሐፍ አላልኩም። እሱ ምን ይላል?» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መልሱን ለኔ አትጻፍ፣ ለሱ ጻፍለት። መነጽሩን ትራሱ አጠገብ አድርጌለታለሁ።

እናትህ